የኢትዮጵያና የኬንያ የነፍስ ወከፍ የኃይል ፍጆታ፦ የሁለተኛው ወር ማስታወሻ

ባለፈው ወር ማስታወሻዬ አንድ ኬንያዊ ከአንድ ኢትዮጵያዊ ከእጥፍ በላይ ኃይል ይጠቀማል ብዬ ጽፌ ነበር። በዚህ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ በሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ አኃዞቹን እንደገና ስመረምር፣ አባባሉ የሚሠራው ለኤሌክትሪክ ብቻ መሆኑን ስለተረዳሁ አርሜዋለሁ።

የዓለም ባንክ መረጃ እንደሚያሳየው በ2014 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ የነፍስ ወከፍ ፍጆታ በኢትዮጵያ 70 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ፣ በኬንያ ደግሞ ከ160 በላይ ነበር። ይህን መጠን በቤቴ ለመገመት እናቴ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ስትጋግር ከመጀመሯ በፊትና ከጨረሰች በኋላ ቆጣሪውን አነበብሁ፤ ልዩነቱ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆነ። የአንድ ኢትዮጵያዊ የዓመት ድርሻ፣ ለሌላ ምንም ሳይውል፣ አሥራ አራት ጊዜ ያህል ብቻ ያስጋግራል ማለት ነው።

ጠቅላላው ኃይል በነዳጅ ዘይት ተተምኖ ሲሰላ ግን፣ በዚያው ዓመት ሁለቱም አገሮች ለአንድ ሰው 500 ኪሎ ግራም አካባቢ ላይ ይቀራረባሉ። ምክንያቱ ማገዶ ነው። እንጨት፣ ከሰልና ኩበት የሚቆጠሩት በውስጣቸው ባለው ሙቀት ልክ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ምድጃ ከዚያ ሙቀት ለድስቱ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፣ የቀረው ከጭሱ ጋር ይባክናል። ስለዚህ ብዙ ኃይል የሚያነድ ቤተሰብ ብዙ አገልግሎት ያገኛል ማለት አይቻልም፤ ማገዶ ለሚሸከሙት እናቶች ደግሞ ይህ ልዩነት የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ የእንፋሎት ኃይል አቆጣጠር ነው። በዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ስሌት ከውኃ የሚመነጭ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት እንደ አንድ ሲመዘገብ፣ ከከርሰ ምድር እንፋሎት የሚመነጨው ግን ማመንጫው ሙቀቱን የሚጠቀመው በ10 በመቶ ብቃት ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የተለየ የአገር መረጃ ከሌለ እንደ አሥር ይያዛል። ኤሌክትሪኳ በአብዛኛው ከውኃ የሆነው ኢትዮጵያና ኦልካሪያ ከተባለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ቦታዋ ብዙ የምታመነጨው ኬንያ በዚህ መስፈርት ሲመዘኑ፣ የኬንያ ጠቅላላ አኃዝ ለተጠቃሚው ከደረሰው በላይ ገዝፎ ይታያል።

አካፋዩ የሕዝብ ቁጥርም ቢሆን በሁለቱ አገሮች እኩል አስተማማኝ አይደለም፤ ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. ሕዝቧን ስትቆጥር የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው።

ከእንግዲህ ኤሌክትሪክን፣ ማገዶንና ነዳጅን በተለያየ ዓምድ አሰፍራለሁ። ከእናንተ መካከል በቤቱ በእንጨት የሚጋገርለት ካለ፣ ለአንድ ጊዜ ጋገራ የሚነደውን እንጨት መዝኖ ቢልክልኝ ከቆጣሪ ንባቤ ጎን አስቀምጠዋለሁ።