ስክሪኑ በርቷል፤ ቁጥሩስ?

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የቴሌኮምና የሬዲዮ መለኪያ መሣሪያዎችን እጠግናለሁ። ስፔክትረም አናላይዘር (በየፍሪኩዌንሲው ያለውን ምልክት በስክሪን የሚያሳይ)፣ ሲግናል ጄኔሬተር (ምልክት የሚያመነጭ)፣ ፓወር ሜትር (ኃይል የሚለካ)፣ የአንቴናና የኬብል መፈተሻ፣ አልፎ አልፎም ኦቲዲአር የሚባለው የፋይበር መፈተሻ ይመጣልኛል። ደንበኞቼ ታወር የሚወጡ ልጆች፣ የኤፍኤም ጣቢያ ቴክኒሻኖችና የኮሌጅ ላብራቶሪ ሠራተኞች ናቸው። መሣሪያውን ሲያስረክቡኝ አብዛኞቹ የሚሉት ያው ነው፦ «እትዬ፣ ብቻ ይብራልን።»

እኔን የሚያስጨንቀኝ መብራቱ አይደለም። ጨርሶ የማይበራ መሣሪያ ማንንም አያሳስትም፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ በቃ። በርቶ፣ ስክሪኑ ጥርት ብሎ፣ የተሳሳተ ቁጥር የሚያሳየው ግን ደህና የሆነ አንቴና ያስወርዳል፣ ደህና የሆነ ኬብል ያስቆርጣል፣ ሰውን በጠራራ ፀሐይ ታወር ላይ ያስወጣል። ስለዚህ እኔ ጋ ጥገና አለቀ የሚባለው ቁጥሩ ከሌላ ከሚታመን ቁጥር ጋር ተያይቶ ሲገጥም ነው።

በቅርቡ የሠራሁትን አንድ ኤችፒ 8594ኢ ስፔክትረም አናላይዘር ልንገራችሁ። ከ9 ኪሎኸርዝ እስከ 2.9 ጊጋኸርዝ ያነባል፤ ያረጀ ቢሆንም ዛሬም ሥራ የሚሠራ ዕቃ ነው። ያመጣው ልጅ ማሰራጫው ኃይል አንሶታል ብለው ሲለፉ እንደከረሙ ነገረኝ። «ሌላም ጣቢያ ወስደን ሞከርነው፣ እዚያም ያው ነው፤ እኩል ነው የሚያንሰው» አለ። የሰማሁት «እኩል» የምትለዋን ነው። ሁለት የተለያዩ ማሰራጫዎች በአንድ ልክ አይደክሙም፤ ሁለቱም ጋ የነበረው አንድ ዕቃ መለኪያው ነው።

ይህ መሣሪያ ፊቱ ላይ የራሱ መፈተሻ ምልክት የሚወጣበት ቀዳዳ አለው፤ 300 ሜጋኸርዝ በ−20 ዲቢኤም። ዲቢኤም የኃይል መጠን መለኪያ ነው፤ ዲቢ ደግሞ ኃይሉ ስንት እጥፍ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል። በአጭር ኬብል ከራሱ መግቢያ ጋር አገናኘሁትና አቴኑዌሽኑን፣ ማለትም መሣሪያው የሚገባውን ምልክት የሚያዳክምበትን ልክ፣ በእጅ መቀያየር ጀመርኩ። 0 ዲቢ ላይ −20 አነበበ። 10 ላይ ሳደርገው −26። 20 ላይ ተመልሶ −20። 30 ላይ እንደገና −26።

ምልክቱ አንድ ነው፣ ኬብሉ አንድ ነው። አናላይዘሩ በአቴኑዌተር የቀነሰውን ያህል ራሱ መልሶ ስለሚደምር ስክሪኑ ላይ ያለው የምልክቱ ጫፍ ከቦታው መነቃነቅ አልነበረበትም፤ ከፍና ዝቅ ማለት ያለበት ከሥር ያለው ጫጫታ ብቻ ነው። ውስጡ ያለው አቴኑዌተር 10፣ 20 እና 40 ዲቢ የሚቀንሱ ክፍሎች አሉት፤ 30 የሚገኘው 10 እና 20 አብረው ሲገቡ ነው። 10 በገባበት ሁሉ ስህተት፣ ባልገባበት ሁሉ ትክክል ከሆነ የተቃጠለው የ10 ዲቢ ክፍል ነው። ካቻቢቴ ሳላነሳ፣ ክዳኑን ሳልከፍት፣ የታመመበት ቦታ ታወቀ። በዚህ ሥራ ከምወዳቸው ሰዓቶች አንዱ ይህ ነው።

መሣሪያው ገና ሲበራ ራሱ 10 ዲቢ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ልጆቹ ሲለኩ የነበረው ሁልጊዜ በተቃጠለው ክፍል በኩል ነበር። 6 ዲቢ ማነስ ማለት ደግሞ ኃይሉን ሩብ አድርጎ ማሳየት ነው።

እንዴት ተቃጠለ? የማሰራጫ መውጫ በቀጥታ ተሰክቶበት ነው። 20 ዋት ማለት 43 ዲቢኤም ነው። የአናላይዘሩ ገደብ፣ መግቢያው አጠገብ የተጻፈው፣ 30 ዲቢኤም ነው፤ 1 ዋት ማለት ነው። ሃያ እጥፍ ሆኖ ገባበት። በመሃል 50 ዋት የሚችል የ30 ዲቢ አቴኑዌተር ቢኖር ኖሮ የሚደርሰው 13 ዲቢኤም ብቻ ነበር፤ ምንም አይሆንም። ያቺ ዕቃ ከጠቅላላው መሣሪያ ዋጋ ጋር ስትነጻጸር እዚህ ግባ የማትባል ናት። እባካችሁ ከቦርሳችሁ አትለዩዋት።

አዲስ አቴኑዌተር ማዘዝ የሚታሰብ አልነበረም። ስክሪኑ የሞተ የዚያው ቤተሰብ መሣሪያ መደርደሪያ ላይ ነበረኝና ከሱ ፈታሁ። መግጠሙ ቀላል ነው፤ ጊዜ የወሰደብኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መሣሪያው ውስጥ የተቀመጡት የማስተካከያ ቁጥሮች የተሠሩት ለቀድሞው አቴኑዌተር ስለሆነ፣ ጄኔሬተሬን በ100፣ በ900፣ በ1800 እና በ2600 ሜጋኸርዝ እያስነሳሁ፣ መጀመሪያ በፓወር ሜትር ከዚያ በአናላይዘሩ እያነበብኩ፣ ልዩነቱን በየደረጃው ጻፍኩት። የቀረውን ትንሽ ልዩነት በወረቀት አድርጌ ክዳኑ ላይ ለጠፍኩለት። ልጁ ወረቀቱን አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ስትለካ የምትደምረው ነው» አልኩት። ፎቶ አንስቶ ለቡድኑ ሲልክ ደስ አለኝ።

ሳይት ማስተር በሚባለው የአንቴናና የኬብል መፈተሻ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መሣሪያው ሳይሆን አብሮት የሚመጣው ካሊብሬሽን ኪት፣ ማለትም መሣሪያው ከመለካቱ በፊት የሚስተካከልበት ዕቃ ነው፤ በተለይ ሎዱ፣ ምልክቱን ሳይመልስ የሚውጠው የ50 ኦም መዝጊያ። የአውራ ጣት የምታህል ብረት ስለሆነች ማንም ከቁብ አይቆጥራትም። ከታወር ትወድቃለች፣ ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ትንጋጋለች፣ አንዳንዴም ማሰራጫ ይሰካባታል። መሣሪያው ግን «ትክክለኛው 50 ኦም ይህ ነው» ብሎ የሚማረው ከሷ ነው። እሷ 60 ኦም ሆና ከሄደች መሣሪያው 60ን ፍጹም ነው ብሎ ይቀበላል፤ እውነተኛ 50 ኦም የሆነ አንቴና ሲሰጡት ምልክት እየመለሰ ነው ብሎ፣ ሪተርን ሎስ 20.8 ዲቢ፣ በሌላው የዚሁ መለኪያ ማለትም በቪኤስደብሊውአር 1.2 ብሎ ይከሰዋል። አንድ ቡድን በዚህ ምክንያት ጃምፐር የሚባለውን አጭር ማገናኛ ኬብል ሲቀይር፣ ኮኔክተር ሲቆርጥ ከርሞ እኔ ጋ መጣ። የሞተው ሎዱ ነበር።

ይህን ለማወቅ እኔ ጋ መምጣት አያስፈልግም። ቴስተራችሁን ኦም ላይ አድርጉና ሁለቱን ሽቦ አነካክታችሁ የሚያሳየውን ያዙ፤ ከዚያ ሎዱን በመሃል ፒኑና በቅርፊቱ መካከል ለኩና ያንን ቀንሱ። 50 አካባቢ ካልሆነ ጣሉት። 50 ሆነ ማለት 2 ጊጋኸርዝ ላይም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ በቴስተር የወደቀ ሎድ ግን በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ አይነሳም።

ኮኔክተር ላይም እንዲሁ ዓይን ያስፈልጋል። ኤን የሚባለው ኮኔክተር በ50 ኦምም በ75 ኦምም ይሠራል፤ ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው፣ የመሃል ፒኑ ግን የ50ው ወፍራም ነው። ወፍራሙን ወንድ ቀጭኑ ሴት ውስጥ ሲያስገቡት ጣቶቿን ከፍቶ ይሰብራቸዋል። ቀጭኑን ወፍራሙ ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ አንዴ ይነካል አንዴ ይለቃል፤ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይዘላል፣ ሰውም መሣሪያው አበደ ይላል። መሣሪያ ስረከብ መጀመሪያ የማነሳው አጉሊ መነጽር ነው። አፉን ሳላይ ሶኬት አልሰካም።

የአዳማ ነገር ደግሞ አቧራና መብራት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ተርባይኖቹን የሚያዞረው ነፋስ በበጋ አቧራውን እየጠረገ በማራገቢያ በኩል መሣሪያ ውስጥ ይከተዋል፤ ቦርዱ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሙቀቱን ያፍነዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ቮልቴጁ ይዘላል። የድሮ መሣሪያዎች መብራት መግቢያ ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫ፣ ውስጡ የሚታይ ካፓሲተር አለ፤ ከዕድሜ ብዛት ቅርፊቱ ተሰነጣጥቆ እርጥበት ይገባዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይጨሳል። ስንጥቅ ካየሁ ሳይጨስ እቀይረዋለሁ። የሚቀየረው ኤክስ 2 በተባለ፣ 275 ቮልት ኤሲ በተጻፈበት ነው፤ መጠኑ ገጠመ ተብሎ ተራ ካፓሲተር እዚያ ቦታ አይገባም፣ ቤት ያቃጥላል። አንድ ነገር ደግሞ ለጀማሪዎች፦ 220 ቮልቱ ዲሲ ሲሆን ትልቁ ካፓሲተር ውስጥ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ይጠራቀማል። ሶኬቱን ነቅያለሁ ብላችሁ እጃችሁን አትስደዱ፤ ጠብቁ፣ በቴስተር ለኩ፣ ከዚያ ንኩ።

ፍሪኩዌንሲን በተመለከተ የማምነው ሰማይ ላይ ያለውን ነው። ጣሪያዬ ላይ የጂፒኤስ አንቴና አለ፤ ከሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ጋር ተያይዞ 10 ሜጋኸርዝ ይሰጠኛል። የጂኤስኤም (የሞባይል) ማሰራጫ የሚፈቀድለት ስህተት 0.05 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 0.05 ነው፤ 900 ሜጋኸርዝ ላይ 45 ኸርዝ ብቻ። የራሱ ሰዓት የሳተ ካውንተር (ፍሪኩዌንሲ ቆጣሪ) ይህን ሊፈርድ አይችልም።

ስለ ባትሪም ላንሳ። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ መሣሪያዎች የማስተካከያ ቁጥሮቹን የሚይዘው ሜሞሪ የሚኖረው በአንዲት የሊቲየም ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትሞት መሣሪያው ይበራል፣ ቁጥሮቹ ግን የሉም። ስለዚህ ገና ደህና ሳለ ቁጥሮቹን ከሰርቪስ ሜኑው አውጥታችሁ በወረቀት ያዙ፤ ባትሪው የሚነቀለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አንጀቴን የሚያቆስለው ግን ክዳን ከፍቼ የማስተካከያ ብሎኖቹ ላይ የካቻቢቴ ጭረት ሳይ ነው። እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰው ከፍቶት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አዙሮ፣ አልሆን ሲለው ዘግቶታል። የተቃጠለ ትራንዚስተር ይገኛል፣ ይቀየራል። ፋብሪካ ውስጥ በውድ መሣሪያ እየታየ ተስተካክሎ በቀለም የታሸገ ፊልተር አንዴ ከቦታው ከወጣ እኔ ባለኝ ዕቃ አይመለስም፤ የማላውቀውን መመለስ አልችልም። የተቃጠለውን ፈልጉ። ብሎኑ በራሱ ዞሮ አይበላሽም።

ልታመጡልኝ ካሰባችሁ መሣሪያውን ብቻውን አታምጡት። ቻርጀሩን፣ ኬብሉን፣ አዳፕተሩን፣ ካሊብሬሽን ኪቱን፣ መጨረሻ የለካችሁትንና ያላመናችሁትን ቁጥር ጭምር ይዛችሁ ኑ። ሐዋሳም ሆነ ድሬዳዋ ይህንኑ ሥራ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ 8594ኢ ያለበት የ8590 ቤተሰብ የሞተ መሣሪያ ለቁራሊዮ አትስጡ፤ ስክሪኑ ቢጠፋም አቴኑዌተሩና ፓወር ሰፕላዩ ሌላውን ያድናሉ። እኔ ለጊዜው የምፈልገው የ40 ዲቢ ክፍሉ ደህና የሆነ አቴኑዌተር ነው። በለውጥ የምሰጠው ደህና የሆነ ፓወር ሰፕላይና ማራገቢያ አለኝ፤ ለመውሰድ ሐዋሳ ድረስም ቢሆን እመጣለሁ።