ከምኩራብ እስከ መጻጉዕ

እኔ እስካሁን ሐበሻ የሌለበት ነርሲንግ ሆም (የአዛውንትና የሕሙማን መንከባከቢያ) አላጋጠመኝም። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው፤ የነርስ ረዳት ነኝ። በማታው ሺፍት ኮሪደሩ ላይ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛ የሚሰማበት ሰዓት አለ። ሽማግሌ ማክበር ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ስለሆነ በዚያ በኩል አንታማም። የሚያስቸግረን ርኅራኄያችን ነው።

የእኛ ርኅራኄ እጁ ፈጣን ነው። አዛውንት ሲንገዳገዱ ካየ ዘሎ ብብታቸው ሥር ይገባል። ማንኪያ ሲንቀጠቀጥባቸው ነጥቆ ያጎርሳል። የፌዴራሉ ሕግ ለነርስ ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያዛል። እኔ ከሥልጠናው ይዤ የወጣሁት ዋናው ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። ሰውን በብብቱ ይዞ መጎተት ትከሻውን ሊያወልቅ ይችላል፤ የጎታቹንም ወገብ ይጎዳል። በራሱ መብላት የሚችለውን ሰው በየቀኑ ካጎረስነው ደግሞ እያደር ማንኪያ መያዝም ያቅተዋል።

የዳሌ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ አንድ አባት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሕጉም አይፈቅድም። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ለእሳቸው ሞት ነው። መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡና ማዞሩ እስኪለቃቸው እንጠብቃለን። የማያንሸራትተውን ካልሲ አደርግላቸዋለሁ። ጌት ቤልት የምንለውን ሰፊ ቀበቶ ወገባቸው ላይ አስራለሁ፤ ጣቶቼ በሥሩ እንዲገቡ ያህል ብቻ ጠበቅ ይላል። ዎከሩን፣ ተደግፈውት የሚሄዱበትን ብረት፣ ይዘው ሳይሆን አልጋውን ገፍተው እንዲነሡ እነግራቸዋለሁ። ዎከሩን ከጎተቱት ይዟቸው ይወድቃላ! ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እላለሁ። የሚነሡት እሳቸው ናቸው። እኔ ቀበቶውን ይዤ እቆማለሁ።

ይሰድቡኛል። «ጨካኝ ነሽ» ይሉኛል። አንድ ቀን ልጃቸው በር ላይ ቆማ ስታየን ቆየችና፣ «ለምን አታነሻቸውም? ለዚህ አይደል የሚከፈልሽ?» አለችኝ። ተቆጥታ ነው። «ዛሬ እኔ ካነሣኋቸው፣ ነገ ሽንት ቤት በእግራቸው መሄድ ያቆማሉ» አልኳት። አልተዋጠላትም። አልፈርድባትም፤ አባት ሲያቃስት መስማት ቀላል አይደለም።

ይህን ነገር ከእምነቴ ጋር ያገናኘልኝ ዐቢይ ጾም ነው። ሦስተኛው እሑድ ምኩራብ ይባላል፤ አራተኛው መጻጉዕ። በምኩራብ ጌታ የገመድ ጅራፍ አበጅቶ ነጋዴዎቹን ከቤተ መቅደስ ያስወጣል። የለዋጮቹን ገንዘብ ይበትናል፤ ገበታቸውን ይገለብጣል። (ርግብ ሻጮቹን ግን ይህን ከዚህ ውሰዱ ነው ያላቸው። ርግቦቹን አልበተነባቸውም። ቁጣውም ልክ ነበረው።) በሳምንቱ ያው ጌታ 38 ዓመት የታመመ ሰው ዘንድ ይመጣል። እኛ ብንሆን ከንፈር እንመጥ ነበር። እሱ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ጠየቀው። 38 ዓመት የተኛ ሰው እንዲህ ይጠየቃል? ሰውየውም አዎ አላለም። ወደ መጠመቂያው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ብሎ ብሶቱን ጀመረ። ጌታ ብሶቱን አላጣጣለም፤ አብሮትም አልቆዘመም። ተነሣ፣ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ አለው። ፈወሰው፤ አልጋውን ግን አልተሸከመለትም።

ደግ መሆን ማለት ዱላ መቀበል ነው የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። የመርሳት ሕመም ያለበት ሰው ሲማታ ዝም ብለው ዱላውን ይቀበላሉ፤ «ምን ያድርግ፣ አያውቅም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አያውቅም። በሕግም ቢሆን ለራሳችን እንዲመቸን ብለን ማሰር አንችልም፤ በ1987 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ የነዋሪው መብት ነው። ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሸሽ፣ ለነርሷ መንገር፣ ሲረጋጋ ተመልሶ መግባት ማንን ይጎዳል?

ከሥራው ይልቅ እኔን የከበደኝ ስልኩ ነው። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ኮሌጁን አቋርጦ ቤቲንግ ቤት መዋል ጀመረ። ለኪራይ ብዬ የምልከው ለኳስ ጨዋታ ውርርድ ይሆናል። ከታላቅ እህቴ ጋር ተመካከርን። የእናቴ ኪራይና መድኃኒት በእህቴ ሒሳብ ይገባል። ወንድሜ የኤሌክትሪክ ሥራ ልማር ካለ ክፍያው ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይከፈላል። ጥሬ ገንዘብ ግን በእጁ አይገባም።

እናቴ አለቀሰች። «አሜሪካ ልብሽን አደነደነው፤ ወንድምሽ እኮ ነው» አለችኝ። ለእናት እምቢ ማለት እንዴት እንደሚያምም የቀመሰ ያውቀዋል። ያን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሳስበው የነበረው ደጉ ሳምራዊ ነው። ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ አህያ ላይ ጫነው፣ አድሮ ሁለት ዲናር አወጣ። ዲናሩን የሰጠው ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ነው። ከዚያ መንገዱን ቀጠለ። የጎደለውንም ስመለስ እከፍላለሁ አለ። በዚህ ማንም ጨካኝ ብሎት አያውቅም።

ጥንካሬ ነው እያሉ መጨከንም እንዳለ አውቃለሁ። ስልክ ቁጥር ቀይሮ «ተገላገልኩ» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ያ ቀበቶውን ለቅቆ «በራስህ ተነሣ» ማለት ነው። ሰውየው ይወድቃል፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም።

ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ እደውላለሁ። እዚያ ምሽት ነው፤ ሁሉም ቤት ይገኛል። እናቴ ጋር እናወራለን፤ ኩርፊያዋ አሁን ረገብ ብሏል። ስለ ገንዘብ አናነሣም። ከዚያ ስልኩን ለወንድሜ ታቀብለዋለች። «ደህና ነኝ» ይልና ይመልስላታል። የትምህርት ቤቱ ክፍያ እህቴ ጋ ተቀምጧል። እስካሁን አልጠየቃትም።