ውስጥ እግራችሁን እዩ

ዛሬ አክስቴን ቆዳ ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር። ውስጥ እግሯ ላይ ጠርዙ ያልተስተካከለ ጥቁር ነጥብ ወጥቶባታል። ናሙና ወሰዱላት፤ ውጤት እየጠበቅን ነው። «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» የምትሉ፣ ኧረ ይይዘዋል! ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር እኛን ሲይዘን በብዛት ፀሐይ የማያገኘው ውስጥ እግርና ጥፍር ስር ነው። ቦብ ማርሌይን በ1981 እ.ኤ.አ. የገደለው ከእግር ጣቱ የተነሳ ሜላኖማ ነው። እባካችሁ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ።

ሐኪሟ ስለ ዘረመልም አስረዳችን። ኤችኤልኤ የሚባሉት ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች የታመመውን ሴል የፕሮቲን ቁራጭ ለነጭ የደም ሴሎች ያሳያሉ፤ ልክ እንደ መታወቂያ። ከእናትና ከአባት የወረስነው ኤችኤልኤ የተለያየ ሲሆን የሚታየው ቁራጭ ይበዛል፣ ካንሰሩም መደበቅ ይከብደዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ላይ ኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ ሕክምና) ከወሰዱ የካንሰር ሕሙማን መካከል ከሁለቱም ወላጅ አንድ ዓይነት ኤችኤልኤ የወረሱት በሕይወት የቆዩበት ጊዜ አጠር ያለ ነበር።