ሽመላዎቹ በፋሲካ ሰሞን

ውድ ወዳጆቼና ተከታታዮቼ፣ እንኳን ለፋሲካ በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ቤቱ ከእርሾ ጸድቶ ቂጣው በሚጋገርበት በዚህ ሰሞን፣ ክረምቱን በአፍሪካ ያሳለፉት ወፎች ወደ አውሮፓ ሲመለሱ በእስራኤል ሰማይ ላይ ያልፋሉ። በጸደይና በመኸር በዚህች ጠባብ አገር የሚያልፉት ወፎች በዓመት 500 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ከሁሉም ግን የእኛን የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያንን ልብ የሚነካው ሽመላ ነው። በጎንደር መንደሮች ሽመላ ሲያልፍ ልጆች አንጋጠው፣ አገራችን ኢየሩሳሌም እንዴት ናት እያሉ በዜማ ይጠይቁት እንደነበር ከመካከላችን ያልሰማ ጥቂት ነው።

ልጆቹ ማንን እንደሚጠይቁ ያውቁ ነበር። ሽመላ ከባድ ወፍ በመሆኑ ረጅሙን መንገድ ክንፉን እያርገበገበ አይዘልቀውም፤ የሚጓዘው ፀሐይ ካሞቀችው መሬት በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው። ይህ አየር ከባሕር ላይ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ሜዲትራንያንን ትቶ በሱዳን፣ በግብፅና በሲና ዞሮ እዚህ ይደርሳል። ወላጆቻችንም ወደዚህ ለመምጣት ከዚህ መንገድ ከፊሉን፣ እስከ ሱዳን ድረስ፣ በእግራቸው ሄደውበታል፤ ብዙዎች እዚያው ሞተው ቀርተዋል። በዚህ በዓል እነርሱን ሳላስብ ሽመላ ማየት አይሆንልኝም።

ሽመላን ደኅና አድርጎ ለማየት በሰሜን እስራኤል ካለው ከሁላ ሸለቆ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ረግረጉ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ደርቆ ነበር፤ አፈሩ ግን እየደረቀ ሰመጠ፣ በእሳትም ተቃጠለ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉ እንደገና በውኃ ተሞላ። ወፎቹም ተመለሱ። በጠዋት ብትሄዱ ሽመላዎቹን ከእርሻው መካከል ታገኟቸዋላችሁ፤ ቀያይ እግሮቻቸውን ቀስ እያደረጉ ያነሣሉ፣ በረጅሙ መንቁራቸው ሣሩን ይፈትሻሉ፣ መሬቱ እስኪሞቅም ይጠብቃሉ። ረፋዱ ላይ አንዱ ይነሣል፤ ሌሎቹ ይከተሉታል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ ሽቅብ ይወጡና ከዓይን እስኪጠፉ ወደ ሰሜን ይንሳፈፋሉ።

እስከዚያ መሄድ ያልቻለ በግቢው ዛፍ ሥር ይቁም። በሌሊት የሚጓዙ ትንንሽ ዘማሪ ወፎች ሲነጋ ለዕረፍት ይወርዳሉ፤ አናቱ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስለው ግራጫ ወፍ ከቅጠል ቅጠል እየዘለለ ትል ሲለቅም ታዩታላችሁ። ክብደቱ 20 ግራም ያህል ነው፤ ከወገኖቹም ክረምቱን በኢትዮጵያ ከርመው የሚመጡ አሉ።

በበዓሉ ዕረፍት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስትወጡ አያቶችንም አስከትሉ፤ እግራቸው ቢደክም መኪናው ውስጥ ሆነውም ይታያቸዋል። ሽመላዎቹ ሲነሡ ያንን ዜማ ለልጆቹ እንዲያሰሟቸው ለምኗቸው፤ ቃሉን በትክክል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ!