«ታየ» እና «ታየኝ»

እትዬ ከደወሉልኝ ወዲህ፣ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ልቤ እንደ ከበደው ነው። የልጅ ልጃቸው የምዝገባ ቀን ማለፉን የሰሙት ከጎረቤት ነበር። የመጨረሻው ቀን እኔ በሠራሁት ገጽ ላይ በቀይ መጻፉን ስነግራቸው፣ ሳይቆጡ «ልጄ፣ እኔ ምንም አልታየኝም» አሉኝ። የገጹ መዝገብ ግን በዚያው ቀን፣ በእሳቸው ስልክ ላይ «ታይቷል» ይላል።

ማታ ኮዱን ከፈትኩት። እ.ኤ.አ. ከ2016 በፊት፣ አንድ ጽሑፍ ስክሪን ውስጥ መግባቱን ለማወቅ፣ ገጹ በተንሸራተተ ቁጥር የጽሑፉን ቦታ ደጋግመን እየለካን ደካማ ስልኮችን እናደክም ነበር፤ በዚያ ዓመት ክሮም ብራውዘር ይዞት የመጣው፣ የገጹ ክፍል ስክሪን ውስጥ ሲገባ ራሱ የሚነግረን መሣሪያ፣ ኢንተርሴክሽን ኦብዘርቨር፣ ከዚህ ልፋት ገላገለን። እኔም የጽሑፉ ግማሽ ስክሪኑ ውስጥ ሲገባ «ታይቷል» ብሎ እንዲመዘግብ አዝዤዋለሁ። እሱ የሚያሰላው ግን የሁለት አራት ማዕዘኖችን፣ የጽሑፉንና የስክሪኑን፣ መደራረብ ብቻ ነው። በእትዬ ትንሽ ስልክ ላይ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ የያዘው፣ ከታች ተጣብቆ የሚቆመው ባር ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖት ኖሯል፤ መሸፈኑን ደግሞ ይህ መሣሪያ አያይም። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጣው የመሣሪያው ሁለተኛ ስሪት መሸፈንንም ይመረምራል፤ ሆኖም ምርመራው ከባድ በመሆኑ በየመካከሉ ቢያንስ 100 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው፣ በሁሉም ብራውዘር ላይም አይሠራም። ቼክቪዚቢሊቲ የሚባለው፣ አንድ ነገር ይታይ እንደሆነ ብራውዘሩን የምንጠይቅበት ትእዛዝም ቢሆን፣ ለይተን ካላዘዝነው በቀር፣ ኦፓሲቲው ዜሮ የሆነውን፣ ማለትም ፈጽሞ ለዓይን የማይታየውን ጽሑፍ «ይታያል» ብሎ ይመልሳል።

ከኮዱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእትዬ ቃል ነው። እሳቸው «አልታየም» አላሉም፤ «አልታየኝም» ነው ያሉት። በቋንቋችን ይህች «ኝ» ተመልካቹን ራሱን ቃሉ ውስጥ ታስገባለች። እኔ ለዓመታት ስለካ የኖርኩት «ታየ»ን ነው። በማስታወቂያ ሥራም የተለመደው መለኪያ ከማስታወቂያው ፒክስሎች (የምስሉ ነጠብጣቦች) 50 በመቶው ለአንድ ተከታታይ ሰከንድ ስክሪን ላይ መዋሉ ነው፤ እዚያም ሰውየው የለም።

ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ትዝ አለኝ። እሱ ገጽ የሚያነበው በጆሮው ነው፤ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብለት ስክሪን ሪደር በባር ለተሸፈነ ጽሑፍ ደንታ ስለሌለው፣ ለእትዬ የተሰወረውን ቀን እሱ ቢሆን ከነዓመቱ በሰማው ነበር። በአንጻሩ በኮዱ ዲስፕሌዩን «none» (ምንም) ብዬ ከገጹ ጨርሶ የደበቅኩት ነገር ለሁለቱም የለም። ታዲያ ለእሱ ጽሑፉ «ታይቷል» ልበል?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ባሩን ከጽሑፉ በታች አወረድኩት፤ በመዝገቡም «ታይቷል»ን ሰርዤ «ስክሪን ውስጥ ገብቷል» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ቢያንስ እውነት ነው። እትዬ ነገ ሲደውሉ ግን፣ ያለፈው ቀን እንደማይመለስ እያወቅሁ፣ ምን ብዬ ልመልስላቸው?