ቢላ ወደ ጅቡቲ ለምትልኩ

ድሬ ያደገ ሰው ስለ ዝገት ብዙም አይጨነቅም። አየሩ ደረቅ ነው፤ ቢላውን አጥቦ መደርደሪያ ላይ ቢተወው ወዲያው ይደርቅለታል። ጅቡቲ ያለው ዘመድ ግን የተላከለት ቢላ ብዙም ሳይቆይ ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣበት ደውሎ "ምን ዓይነት ውዳቂ ብረት ነው የላካችሁልኝ?" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የብረቱ አይደለም፣ የጨው ነው።

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙበት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከባህር ርቃ ነው ያለችው። ጅቡቲ ከተማ ደግሞ ባህሩ ዳር ናት። ከባህር የሚነሳው ንፋስ ዓይን የማያየው ጨው ይዞ ቤት ይገባል፤ ጨው ደግሞ ዝናብ ባይኖርም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ደርቋል ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ቢላ ላይ ስስ የጨው ውሃ ተለጥፎ ያድራል። በጨርቅ መጥረግ ብቻ የማይበቃውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ጨው በሌለበት ውሃ አለቅልቁት፣ በተለይ ዓሣ ከተበለተበት፤ ከዚያ አድርቁት። ስለቱና እጀታው የሚገናኙበትን ስንጥቅ አትርሱ፣ ውሃ የሚደበቀው እዚያ ነው። እንዲንጠፈጠፍ ስታቆሙት ጫፉን ወደ ታች አድርጉት፤ ወደ ላይ ከሆነ ውሃው ወርዶ እጀታው ውስጥ ይገባል።

"ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም" የሚለውን የሻጭ ቃል ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ስቴንለስ የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው፤ ክሮሚየሙ ከላይ በጣም ስስ መከላከያ ያበጃል። ጨው ያንን ሽፋን እዚህም እዚያም ይበሳዋል፤ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ ይወጣና ዝገቱ ወደ ውስጥ ይሄዳል። እዚህ ድሬ፣ ቀፊራ ገበያ ላይ፣ ማግኔት ካልያዘው ስቴንለስ ነው ብለው ቢላ በማግኔት የሚፈትኑ ሰዎች አያለሁ። እባካችሁ ይህን ተዉት። ለቢላ የሚሆነው ስቴንለስ አብዛኛው ማግኔት ይይዘዋል፣ ስለዚህ ፈተናው ምንም አይነግራችሁም።

እኔ ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ (ክብደቱን ከሚሸከመው የስፕሪንግ ብረት) የሚሠሩትን ካራ እመርጣለሁ። ሲሳል አያስቸግርም፣ ስለቱንም ቶሎ አይለቅም። ክሮሚየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሽንኩርትና ሎሚ ሲቆረጥበት ይጠቁራል፤ ብዙ እናቶች ይህን ቆሻሻ መስሏቸው በአመድ ይፈገፍጉታል። ጥቁሩን አትንኩት! ቀይ ዝገት ብረቱን እየበላ የሚሄድ ነው፣ ጥቁሩ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቆ በመጠኑም ቢሆን ይከላከልለታል። ለመለየት ነጭ ጨርቅ በደንብ አሹበት፤ ጨርቁ ላይ ቡናማ ዱቄት ከቀረ ዝገት ነው። የእኛ ውሃ ኖራው ብዙ ስለሆነ የሚተወው ነጭ ነጠብጣብ ደግሞ ዝገት አይደለም፣ በሎሚ ይለቃል፤ ከዚያ ሎሚውን ወዲያው ማጠብ ነው።

አሁን ወደ ዘይቱ። የምግብ ዘይት ሲቆይ ይሸታል፣ ይጣበቃልም፣ ስለዚህ ለሚቀመጥ ቢላ አይሆንም። ፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ጥሩ ነው፤ አይበላሽም፣ ምግብ ቢነካም ችግር የለውም። ሁለት ሦስት ጠብታ በጨርቅ ቀብታችሁ መልሳችሁ ጥረጉት፣ ሽፋኑ ከታየ በዝቷል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ የማትነኩት ከሆነ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይሻላል። ለሰንጢ መታጠፊያው ውስጥ አንድ ጠብታ ጨምሩበት፣ ዝገት መጀመሪያ የሚይዘው እዚያ ነው።

አፎት ነገር ላይ ብዙ ሰው አያምነኝም። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ጨውና ኬሚካልም ውስጡ ሊቀር ይችላል። ጊሌ (የአፋሮችን ጩቤ) በአፎቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማቆየት ለዓይን ያምራል፣ ባህር ዳር ላለ ቤት ግን ስለቱን ማበላሸት ነው። አፎቱን ለብቻ ስቀሉት፤ ስለቱን ዘይት በነካው ወረቀት ጠቅልሉትና ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚወጣችው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በሚገጠም ዕቃ ክተቱት።

ኤሲ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ክፍሉ ውስጥ የቀዘቀዘ ቢላ ወደ ሞቃቱ አየር ሲወጣ ያልበዋል፤ ውሃው ጤዛ ሆኖ ይወጣበታል። እንደወጣ አትክተቱት፣ እስኪሞቅ ጠብቁና ጥረጉት።

የጀመረ ቀይ ዝገት ካለ ስስ የሽቦ መፈግፈጊያ ላይ ያንኑ ፓራፊን ጠብ አድርጋችሁ በስለቱ ርዝመት እሹት፣ ወደ ጎን አይሁን፣ ይጫጭረዋል። ቀዳዳው የሚቆርጠው ጠርዝ ላይ ከደረሰ ግን በማሸት አይድንም፤ ሞራጅ ጋ ወስዳችሁ ቀዳዳው እስኪጠፋ ድረስ ጠርዙን ማስበላት ነው።