አዲሱ ሕንፃ ሲነሳ የአሮጌው ግድግዳ ለምን ይረጥባል?

መሀል አዲስ አበባ ካሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በአንዱ፣ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ሲታደስ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ነበርኩ። አጠገቡ ደግሞ የአዲስ ላብራቶሪ መሠረት እየወጣ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች በተለያየ ጨረታ የወጡ፣ በተለያየ ተቋራጭ የተያዙ ናቸው። እኔ ግን ሥራው ሲያልቅ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ቢኖር፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ግንባታና እድሳት ተለያይተው መታቀድ እንደሌለባቸው ነው። ውሃ ያገናኛቸዋል።

ያስቸገረን የምድር ወለሉ ግድግዳ ነው። እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ይላጣል፣ ልስኑ በጣት ሲነካ ይረግፋል፣ ነጭ ጨው ያወጣል። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ልስኑን አንስቶ በሲሚንቶ መለሰንና ቀለም መቀባት ነበር። ከዚህ በፊትም ይኸው ተደርጓል፤ ሲፋቅ የቀለም ዓይነት ተደራርቦ ወጣ። እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ልስን መጀመር የለበትም ብዬ፣ መጀመሪያ የግድግዳው ሥር እንዲቆፈር ጠየቅሁ።

የት እንደምንቆፍር ያሳዩን የግቢው አንጋፋ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፣ እዚህ ጋ መስኮት የሚመስል ነገር ነበር። ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ተቀበረ» አሉኝ። እውነትም ጥቂት እንደተቆፈረ የዛገ የብረት ፍርግርግ ብቅ አለ። ለእንጨቱ ወለል አየር እንዲያስገባ የተተወ ቀዳዳ ነው፤ በአፈር ጢም ብሏል። አፈሩን ጠርገን ወለሉን የተሸከመውን አግዳሚ ጫፍ በካቻቪቴ ወጋ ሳደርገው እንደ ድፎ ዳቦ ገባልኝ።

ነገሩ ተገለጠልኝ። መሬቱ በጊዜ ብዛት ከፍ ብሏል፦ መንገድ ሲሠራ፣ ሙሌት ሲደፋ፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲጨመር። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ የምትወርድ ተዳፋት ናት፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱ ሲዘጋበት መጀመሪያ የሚያገኘው ዝቅ ብሎ የቀረውን አሮጌ ቤት ነው። የመሀል ከተማ ግቢዎች ደግሞ ሁሉም ከመጀመሪያው ለዩኒቨርሲቲ ተብለው የተነደፉ አይደሉም። ስድስት ኪሎ ያለው ዋናው ግቢ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ሲታከል የውሃው መንገድ አብሮ ይቀያየራል፤ ይህን የሚከታተል ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ከግድግዳው ሥር ያለውን ንጣፍ አንስተን መሬቱን ወደ ድሮው ከፍታ መለስነው፤ ቦይ ቆፍረን ጠጠርና ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቀበርን፤ የአየር ቀዳዳዎቹን ከፈትን፤ የበሰበሱትን አግዳሚዎች ቀየርን።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ልስኑ በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ይሁን ማለቴ ነው። ፎርማኑ፣ ጎበዝ ግንበኛ ነው፣ «ኢንጂነር፣ በዚህ ዘመን በኖራ የሚለስን ማን አለ?» አለኝ። የእኔ ምክንያት ይህ ነበር፦ ግድግዳው የተገነባው በኖራ ነው፤ ኖራ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ሲለሰንበት ግን ውሃው መውጫ ያጣና ሽቅብ ይወጣል። በቃል ከመከራከር ብዬ ጎን ለጎን አንድ የሲሚንቶ፣ አንድ የኖራ ናሙና አስለሰንኩ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሲሚንቶው በላይ ያለው ድንጋይ ጠቁሮ ታየ፤ የኖራው በኩል እንደነጣ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ፎርማኑ ራሱ ለሌሎቹ ማስረዳት ጀመረ። ኖራ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። በስሱ ይለሰናል፣ እንዳይሰነጠቅ ርጥበቱ ይጠበቃል፣ ቀጣዩ ድርብ የፊተኛው እስኪጠነክር ይቆያል። የክፍያ ሰርተፍኬት የሚጠብቅ ተቋራጭ ይህን መስማት አይወድም፤ የጊዜ ሰሌዳው ላይ ቀድሞ ካልገባ ጭቅጭቅ ነው።

ሌላው ሥራ በወረቀት ላይ ነበር። የሁለቱ ፕሮጀክቶች ንድፎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወሰን ላይ ያበቃሉ። ሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ተክለን የሁለቱንም ከፍታ በአንድ ወረቀት ላይ ስናሰፍር፣ የላብራቶሪው አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ በሙሉ ወደ አሮጌው ሕንፃ ጀርባ ሊለቀው እንደነበር ታየ። በስብሰባው ላይ ወጪው ብዙ አነጋገረ። እኔ ያልኩት አርማታ ከመፍሰሱ በፊት ቱቦ ማዞር ትንሽ ቁፋሮ ነው፣ ከፈሰሰ በኋላ ግን ማፍረስ ነው። ተፈቀደ፤ ውሃው ወደ መንገዱ ፍሳሽ ዞረ።

ስለ ጫጫታው ደግሞ፦ ድንጋይ መቁረጡንና በማሽን ማፍረሱን ከፈተና ሳምንት ውጪ አደረግነው፤ ለዚህ ሬጅስትራሩን ቀድሞ ማነጋገር በቂ ነው።

በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ እስካሁን ቀለም አልተቀባም። የዩኒቨርሲቲው ቢሮ ግድግዳው እንዲያምር ይፈልጋል፤ እኔ ግን አንድ ክረምት ሳይወጣ እንዳይነካ በርክክቡ ሰነድ ላይ አስፍሬያለሁ። ከፍታና የፍሳሽ መስመር የያዘችው ወረቀትም ከሰነዱ ጋር ተያይዛለች፤ የሚቀጥለው ጨረታ ሲወጣ ለተጫራቾች አብራ እንድትሰጥ ጠይቄያለሁ።